ከፊልሙ ኋላ የሚሰማ አቤት

ሙሌ፣ የቤቴ ጌታ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ ስንተጫጭ እንኳ ለላክህልኝ አራት ገጽ የመለስኩልህ ሁለት መስመር ነበር፣ በእሱም ዕድሜ ልክህን ስትስቅብኝ ኖረሃል። አሁን ግን በወረቀት ካልሆነ ልነግርህ የማልችለው ነገር ገጠመኝ። ለሰው ባወራው ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት ይሉኛል። ስለዚህ ለአንተው ልንገርህ፤ የነገሩ ባለቤት አንተው ነህ።

በመጀመሪያ የቤቱን ስማ። ልጃችን ሕይወት ባሕር ዳር ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ሦስተኛ ዓመት ገባች። የጓሮው ቆርቆሮ ክረምቱን እንደምንም ገፍቶ ነሐሴ ላይ ማፍሰስ ጀመረ፤ አንተ ነገ ነገ እያልክ ሁለት ዓመት ያስቀመጥከውን ሚስማር ራሴ ወጥቼ መታሁት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ድንጋይ ተነጥፏል፣ ባጃጅ አሁን ደጃፍ ድረስ ይገባል። እኔ ደግሞ ድምፄ ተለወጠ። ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ጮኼ ተዘጋ፤ ከወር በኋላ ሲከፈት የሌላ ሰው ሆኖ መጣ፣ ጎርናና፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ። ለሕይወት በዚያ ድምፅ መጀመሪያ ስደውልላት «ማን ልበል?» አለችኝ። በስልክ ተያይዘን ተላቀስን። ይህን የድምፄን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዓመቱን በምን አሳለፍሽው ካልከኝ ፊልም በማየት ነው። እኔ! ፊልም ሲባል እንቅልፍ የሚወስዳት ውባለም! በዚያ ሁሉ ዘመን አንተ ጓዳ ገብተህ የሕንዱን፣ የቱርኩን፣ የኮሪያውን ፊልም በአማርኛ ስትተረጉም አንዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼው አላውቅም። ማየት ምን ያደርግልኛል፣ ስሰማው እውል የለ? ንጉሡም፣ ወንበዴውም፣ ሙሽራዋም፣ የሙሽራዋ እናትም የሚናገሩት በአንተው ድምፅ ነው። ሙሽራዋ ላይ ስትደርስ ድምፅህን ስታቀጥነው እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን እንከተከት ነበር።

አርባህ ከወጣ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምሳዬን በላሁና ፍላሽህን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው እንጂ ለፊልሙ ግድ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ከሰዓት አንድ አንድ አየሁ። ፈረስ የሚጋልቡበትን፣ በሠርግ መሐል ሙሽራ የሚሰረቅበትን፣ መንትዮች ሳይተዋወቁ የሚጣሉበትን። ታሪካቸውን ንገሪኝ ብትለኝ ግማሹን አደባልቀዋለሁ። እኔ የምከታተለው ከፊልሙ ኋላ ያለውን ነበር።

ጓዳዋን አስታውሳት። መስኮቷ ላይ ፍራሽ አስደግፈህ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለህ፣ ማይክሮፎኑን የሕይወትን ካልሲ አልብሰህ፣ ድምፅ አይገባም እያልክ ትመጻደቅ ነበር። ውሸትህን ነው። ሁሉም ገብቷል። ንጉሡ ሠራዊቱን ሲያሰልፍ የእኛ ዶሮ ይጮኻል፤ ያ ለፋሲካ ያረድነው ቀዩ አውራ ዶሮ። ሴትዮዋ በረሃ ውስጥ ውሃ ጠምቷት ስትንከራተት በቆርቆሯችን ላይ ዝናብ ይወርዳል። አንዱ ፊልም ላይ ደግሞ፣ ልጁ ከእስር ቤት ሲወጣ፣ እናትህ ሳሉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያን ሳል ስሰማ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ተነስቼ ነበር። ቆሜ ውሃውን ለማን እንደምሰጠው አጣሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሞተው ሁሉ፣ ዶሮው ሳይቀር፣ እሑድ እሑድ ቤታችን መሰብሰብ ያዘ።

ከሁሉም ይበልጥ ግን የምሰማው እኛኑ ነው። ጉሮሮህ ሲደርቅ ቅጂውን ሳታቆም «ውቤ!» ትላለህ። እኔም ከማድቤት «አቤት! መጣሁ!» እላለሁ። አንተ «እሺ» ብለህ ትቀጥላለህ፣ እኔ ውሃህን ይዤ እገባለሁ። ይህን ቁረጠው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ! መጀመሪያ ስንፍና ነበር፤ ኋላ ግን ሌሎች ትርጉምህን እያስመሰሉ መሸጥ ሲጀምሩ ሰው የአንተን የሚለየው በእኔ አቤት ሆነ። አቤት የሌለበት የሙሌ አይደለም ተባለ። ሉማሜ ከተማ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ ልንጠጣ በገባን ቀን ትዝ ይልሃል? ለአሳላፊዋ አቤት ብዬ ዞር ስል ሴትዮዋ ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ «እርስዎ አቤቷ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። አንተ ግን እስክንሳፈር ድረስ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ አንተ «ውቤ!» ስትል እኔ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ላይ «አቤት! መጣሁ!» አልኩ። ከቴሌቪዥኑ የድሮዋ እኔ በዚያ በቀጭን ድምፅዋ አለች፣ እዚህ እኔ በጎርናናው አልኩ፣ እኩል። ሁለታችንም ዝም ስንል አንተ «እሺ» አልክ። ጸጉሬ ቆመ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። በየእሑዱ አቤት እልህ ጀመር።

አንድ እሑድ የድሮዋ እኔ አልመለሰችም። ጓሮ ነበርኩ መሰለኝ። አንተ ትጠራለህ፣ የፊልሙ ሰዎች አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቤቱ ጭጭ። እኔ ከፍራሹ ላይ አቤት አልኩ። አንተ «እሺ» ብለህ ቀጠልክ። ወደ ኋላ መልሼ፣ አሁን አፌን ዘግቼ ሰማሁት። «እሺ»ው እዚያው አለ። ድሮም ነበረ ማለት ነው። ግን ማን መልሶልህ ነው እሺ ያልከው?

ይህን እየጠየቅኩ እንደገና መልሼ ስከፍተው ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ቆሎ ይዘውልኝ ገቡ። ለቴሌቪዥን አቤት ስል ያዙኝ። አማተቡ። የሞተ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም፣ ይዞሽ ይሄዳል ብለው ተቆጡኝ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰዱኝ። እሳቸው ሙት አይጣራም ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚጣራው ብለው ጸበል ረጩኝ። እኔም ሁለተኛ እንደማልመልስ ለእትዬ ጥሩ ቃል ገባሁ። አላታልልህም፣ ሳልመልስልህ የቀረሁባቸው እሑዶች ከአርባው ቀን ከበዱኝ።

የፈራሁት ግን ሌላ ነበር፣ አንተ ታውቀዋለህ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት።

እኅቴ ደምበጫ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ልሄድ እየተጣደፍኩ አንተ ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ። አንዴ ለውሃ፣ አንዴ ለመነጽር፣ አንዴ ለምኑም። የገንፎ ዱቄቱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ዛሬ እንኳ አንድ ቀን አትጥራኝ! እስቲ ሳትጠራኝ ዋል!» አልኩህ። ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቸር ዋል እንኳ ሳልልህ ወጣሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ማዳመጫው ጆሮህ ላይ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተህ አገኘሁህ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ፣ ድንገት ነው አሉ፣ አልተሰቃየም አሉ። ማን አየህና! ዓመቱን ሙሉ የበላኝ ይህ ነው፦ ጠርተኸኝ ነበር? ጠርተኸኝ፣ ባዶ ቤት ዝም ብሎህ ነው የሞትከው?

መልሱ ያለበትን አውቀው ነበር። እትዬ ጥሩ የዚያን ቀን በጩኸቱ መሐል የኮምፒዩተሩን ክዳን ደፍተው አነሱት። እኔ ከለቅሶው በኋላ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፣ ማንም አልነካውም። ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አይቼ ስጨርስ የቀረኝ እሱ ብቻ ሆነ። ሙት ዓመትህን አወጣን፣ ካህናቱም ዘመዱም በልተው መርቀው ሄዱ፣ ሕይወትም ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ሳጥኑን ከፈትኩ።

ኤሌክትሪክ ሰክቼ ብዙ ቆየሁ። ሲነሳ፣ ያልተቀመጠ ቅጂ አለ፣ ልመልሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ፊልሙ ልጁ የጠፋችበት ሽማግሌ ታሪክ ነው። ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አንተ ደህና ነህ፣ እንዲያውም የፖሊሱን በዚያ በወፍራም ድምፅህ ስትል ሳቄ መጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ከዚያ ሽማግሌው በር በሩን እያየ «ልጄ በዚህ በር ነው የወጣችው፤ በዚህ ካልሆነ በየት...» አለና አንተ ቆምክ። ትንፋሽህ ተሰማኝ፣ አጭር አጭር። «ውቤ» አልክ። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ቤቱ ዝም ብሏል። «ውቤ» አልክ እንደገና፣ ድምፅህ ወርዶ።

ቃሌን አልረሳሁም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት። በመድኃኔዓለም እምላለሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

ከኮምፒዩተሩ ውስጥ «አቤት! መጣሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አንተ «እሺ» አልክ። ከዚያ «ቀስ ብለሽ፣ ደህና ነኝ» አልክ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ፊልሙ በራሱ ቋንቋ ሄዶ ሄዶ አለቀ፣ ቅጂው ግን አላቆመም። ዶሮ፣ ሩቅ የሚያልፍ መኪና፣ የግድግዳው ሰዓት። ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ የግቢው በር ተከፈተ፣ የጫማዬ ድምፅ መጣ፣ «ሙሌ፣ ደረስኩ እኮ፤ ዛሬ ጠርተኸኝ ይሆን?» ስል ሰማሁ፤ ቀጭኑ፣ የያኔው ድምፄ። ጩኸቴ ሳይመጣ ዘጋሁት።

ከዚያ ነው የገባኝ። ደምበጫ ደርሶ የመጣው ድምፄ ቀጭን ነው። ቀደም ብሎ አቤት ያለህ ግን ጎርናና ነበር፣ መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል።

ጆሮዬን አላመንኩትም። እትዬ ጥሩን ጠርቼ ምንም ሳልነግራቸው አሰማኋቸው። ያ ስፍራ ሲደርስ መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። «ይሄ እኮ የዛሬው ድምፅሽ ነው» አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና በሩ ላይ ሲደርሱ «በይ እንግዲህ፣ እንዳትተዪ» ብለውኝ ወጡ።

ሙሌ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። በየትኛው እሑድ ያልኩት አቤት ወደዚያ ቅዳሜ እንደሄደ አላውቅም። ያለፈው ነው? ወይስ ገና ያላልኩት? እፈራለሁ፤ ቀን በቀን ጓዳዋ ደጃፍ ሳልፍ እግሬ ይፈጥናል። ቢሆንም ዓመት ሙሉ አንቆ የያዘኝ ነገር ለቀቀኝ። ጠርተኸኛል፣ ተመልሶልሃል፣ እሺ ብለህ ሄደሃል።

ስለዚህ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ፣ ለእትዬ ጥሩ የሰጠሁትን አፍርሼ። በየእሑዱ ከሰዓት ያንን ፊልም እከፍተዋለሁ፤ ሽማግሌው በሩን ሲያይ፣ አንተ ስትጠራኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ብታመም ተኝቼ፣ ብሄድም ይዤው ሄጄ። አንድ እሑድ ብዘል ያን ቅዳሜ ዝም ተብለህ እንዳትቀር እፈራለሁና። በሩ ላይ ቆሜ አትጥራኝ ያልኩህን ተወው።

ጥራኝ። አለሁ።

ያንተው ውቤ