በስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ስለተቀመጡት ሦስት ሬዲዮዎች

ለተከበሩ የድንገተኛ አደጋ ማስተባበሪያ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዲበረታ ከልቤ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ቢታመሙ አምቡላንስዎ መንገድ የሚከፈትለት በእኔ በኩል ነው።

እኔ በእሳት አደጋ ጣቢያውና በፖሊስ ጣቢያው መካከል፣ ከአምቡላንስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ቢሮዎ ለሦስቱም አዳዲስ ሬዲዮ ስላደላቸው አመሰግናለሁ። እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱን ቤት ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ የጎረቤቱን ወሬ ግን ፈጽሞ አይሰማም፤ በዚህ ከብዙዎቻችን ይልቅ ጨዋ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የአምቡላንሱ ሾፌር «እትዬ፣ ይህችን ለዛሬ ብቻ ያዙልኝና ለፖሊሶቹ መንገድ ክፈቱለት ይበሉልኝ» ብሎ አንድ ሬዲዮ ትቶልኝ ሄደ። ፖሊሶቹ መልስ የሚሰጡበትን ሌላ አመጡ። እሳት አደጋዎቹም እንዳይቀርባቸው ሦስተኛውን ጨመሩ። ያ «ዛሬ» እስካሁን አልመሸም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። ባለቤቴ በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ያልሰማውን ያህል ቃል ትራፊክ ፖሊሱ በአንድ ሳምንት ሰምቷል፤ ባለቤቴም ቅር ብሎታል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር የአንድ ሙሽራ ወገብ ስለካ ክርኔ የእሳት አደጋውን ሬዲዮ ቁልፍ ተጭኖ ኖሮ «ሰማንያ ስምንት» ማለቴ ተላለፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መኪናው እየጮኸ ቤት ቁጥር ሰማንያ ስምንት ደረሰ። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ሻይ እያፈሉ ነበር። ሠራተኞቹም ያለ ሥራ ላለመመለስ ምድጃውን አጥፍተውላቸው ሄዱ። አዛውንቱ ስለ ፍጥነታችሁ ያላቸውን አድናቆት እንዳደርስልዎ አደራ ብለውኛል፤ ሻዩ አለመፍላቱንም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእርስዎ ሦስት ድሮች ግን ሳያብሩ እኔን አስረዋል። ምሳ ልበላ ስነሣ ሦስት መሥሪያ ቤት አስፈቅዳለሁ። ሁለቱ ሲፈቅዱልኝ፣ መፍቀዳቸውን ከእኔ በቀር የሚነግረው ስለሌለ ሦስተኛው አያምነኝም።

የቀረው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቷታል። ሐኪሟ ምጡ እንደጀመራት ሳትዘገይ ሆስፒታል እንድትደርስ አጥብቆ አዟል፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ በመኪና የታጨቀ ነው። አምቡላንሱ ሲመጣ አብሬያት እገባለሁ። ሾፌሩ መንገድ ለማስከፈት ወደ ሱቄ ይጣራል፤ ከሱቄ ግን መልስ አያገኝም፤ እኔ ከጀርባው ተቀምጬ የልጄን እጅ ይዣለሁ። በዚያች ሰዓት ለማንም ምንም ማስተላለፍ አልችልም። እናት ብቻ ልሁን። እባክዎ እስከዚያ ሬዲዮዎቹን እርስ በርስ ያስተዋውቁልኝ፤ ይህ ካልተቻለ ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ያስቀምጡልኝ። ሁሉም አፍና ጆሮ እንዳላቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሳልቀጠር ፈቃድ በመጠየቄ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለጣሉብኝ ከባድ እምነት በጥልቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከራስዎ ቢሮ ተደውሎ፣ ሦስቱን ተቋማት ያስተሳሰረው የመገናኛ ሥርዓት በሚመረቅበት በዓል ላይ እንዲገኙ ጥሪውን እንዳደርስላቸው ታዝዣለሁ። አድርሻለሁ፤ ሦስቱም ይመጣሉ። ለእኔ የተባለ ጥሪ ስላልነበረ ለራሴ አላስተላለፍኩም።