ላሟ በረዶው ላይ ናት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሐሙስ ጠዋት ትገባለች። ቲኬቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ከሥሩ «በመጨረሻ!» ብላ አራት ልብ ደርድራበታለች። ሰባተኛ ክፍል መሃል ቆሜ ነው ያየሁት። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ሜሮን የእህቴ የጽጌ ልጅ ናት። በሦስት ዓመቷ ዴንማርኮች በማደጎ ወሰዷት፤ አሁን ሃያ ሦስት ሞልቷታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፈልጋ አገኘችን። ጽጌ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ሜሮን አማርኛ አትችልም፣ መሃል ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አክስት አለሁ። ሁለቱ ያወሩት ነገር ሁሉ በእኔ አፍ ነው ያለፈው።

ጽጌ ሐምሌ 23 ሞተች። ሜሮን አታውቅም።

ይኸው ጻፍኩት። እስከ ዛሬ እዚህ ላይ እንኳ ደፍሬ አልጻፍኩትም ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ልጅ። ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያድራል? የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰም «ሰው ከቧት ነው የምትሰማው። አገሯ እስክትገባ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም ብቻ ብል ጥሩ ነበር። «እማዬ ለምን አታዋራኝም?» ስትለኝ «ጸበል ገብታለች፣ ኔትወርክ የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ» አልኳት። ቅዳሜ የምሄደው መቃብሯ ጋ ነው። አራት ወር ሊሞላው ነው እንግዲህ፣ ጸበል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የፈሊጡን ደብተር ከትራሴ ሥር አወጣሁት። ጨዋታውን የጀመረችው ሜሮን ናት። አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥና የዴንማርኩን አቻ ትልካለች፣ እኔ ለጽጌ እተረጉምላታለሁ፣ ጽጌ ደግሞ እኛ ምን እንደምንል ትመልሳለች። እኔ በሦስት ዓምድ አስምሬ እጽፋለሁ። አስተማሪ መሆን አይለቅም።

እንግሊዝ፦ ድመትና ውሻ ዘነበ። ዴንማርክ፦ የጫማ ሰሪ ልጆች ዘነቡ። ጽጌ፦ ዶፉን ለቀቀው።

እንግሊዝ፦ የቁጥቋጦውን ዙሪያ መደብደብ። ዴንማርክ፦ ድመት ትኩስ ገንፎ እንደምትዞረው መዞር። ጽጌ፦ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ።

እንግሊዝ፦ ለመደናገጥ ምክንያት የለም። ዴንማርክ፦ በረዶው ላይ ላም የለችም። ጽጌ፦ ሐሳብ አይግባሽ።

ይቺን ላም ስነግራት ጽጌ የሳቀችው ሳቅ! «ኧረ ላም በረዶ ላይ ምን ልትሠራ ትወጣለች?» ሐይቁ በክረምት እንደሚደነድን፣ በረዶው ከተሰበረ ላሟ እንደምትሰጥም አስረዳኋት። በጣም ወደደችው። ከዚያ በኋላ ደም ግፊቷ በጨመረ ቁጥር «ዛሬ ላሚቱ ወጥታለች» ትለኝ ነበር።

ከሐምሌ ወዲህ ያሉትን ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ። አሥሩን በጽጌ ስም የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ ብቻ ሳይመለስ ቀረ፣ ነሐሴ ላይ የላከችው። እንግሊዝ፦ ባልዲውን ረገጠ። ዴንማርክ፦ የእንጨት ጫማውን አስቀመጠ። ሁለቱም ሞተ ማለት ነው። «እማዬን ጠይቂልኝ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ብላኛለች። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው። እዚያ ላይ እንኳ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሰው መሰብሰብ አለብኝ። ሙሉ ቀን ስልክ ላይ ነኝ።

— ወይዘሮ አስካለ፦ ትመጣለች። ኮንዶሚኒየሟ ከከተማ ዳር ስለሆነ ግን በንጋት ታክሲ የለም። ማታ መጥታ እኔ ጋ ታድራለች።
— እማማ ብርቄ፦ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ስልኩ ላይ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ካርዴ አለቀ።
— የመምህር ግርማ ሚስት፦ ቁጥሯ አይሠራም።
— እነ ሰናይት፦ ሁለቱም እህትማማቾች ይመጣሉ። ተመስገን።
— ሌሎቹ፦ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

ካዛንቺስ ብንሆን አጥሩ ላይ ሆኜ አንዴ ብጣራ ሃያ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ይወጣ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ እኔ ላንቻ ሁለት ክፍል ተከራየሁ፣ ጋሽ ታደሰ ከቄራ ጀርባ ልጃቸው ጋ ገቡ፣ የቀረው በየአቅጣጫው ተበተነ። እድሩ በወረቀት አለ። ሰው ከቧት ትስማ ያልነው የትኛው ሰው እንደሆነ ማናችንም አላሰብንም።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጋሽ ታደሰ ደውዬ ነበር። «ሐሙስ ማታ እንንገራት» አልኳቸው።

«ዓርብ ሚካኤል ነው። በበዓል ዋዜማ መርዶ ይዤ አልሄድም። ቅዳሜ ንጋት ይሁን።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን እያየሁ?»

«ቻይው እንጂ ልጄ። አራት ወር ችለሽ የለም?»

አዎ፣ ችያለሁ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ግንባሯ የጽጌ ነው፣ ሳቋ የማን እንደሆነ እንጃ። ከሩቅ «ሞስተር!» እያለች መጣች፤ በዴንማርክኛ የእናት እህት ማለት ነው። ለእናት እህት ብቻ የተለየ ስም አላቸው። አቅፋኝ ቆየች። ትከሻዬ ላይ ሆና ግን ዓይኗ ከኋላዬ ሰው ይፈልግ ነበር።

«ከጸበል አልወረደችም?»

«ገና ናት።»

ስታዲየም አካባቢ የያዘችው የእንግዳ ማረፊያ ድረስ በታክሲ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ታወራለች። እንግሊዝኛዋ ፈጣን ነው፣ በየመሃሉ ዴንማርክኛው እየገባበት። ቁልፏን ተቀብላ ስትጨርስ «ፍየሏ ተላጨች!» አለችኝ፤ ሥራው ተጠናቀቀ ማለቷ ነው። እኛ «አለቀ ደቀቀ» እንላለን ብዬ አስጠናኋት። አምስቴ ደጋገመችው። «ለእማዬ ስላት ትደነግጣለች» አለች።

ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ወፍራም ሹራብ አወጣች። ራሷ ነው የሠራችው። ጸበሉ ተራራ ላይ ነው ብዬ ስለነበር ይበርዳታል ብላ። እጅጌውን ለክቼ እንድነግራት ሰጠችኝ፣ ለጽጌ ክንድ ይሆን እንደሆነ። «ልክ ነው» አልኳት። እንዲህ ያለች ከንቱ ሴት ነኝ።

«መቼ ነው የማያት?» አለች።

«ቅዳሜ ጠዋት… ሰዎች ይመጣሉ።»

እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ካዛንቺስን ላሳያት አልኩ። የተወለደችበትን ቤት ማየት ፈልጋለች። እንደፈረሰ ታውቃለች፣ ቦታውን ብቻ አለች። ሄድን። ሰፊ አስፋልት፣ ወንበር፣ አዲስ የተተከለ ሣር። የመብራት ምሰሶ እየቆጠርኩ «እዚህ ጋ ይመስለኛል በሩ» አልኳት። ከዚያ «አይ፣ እዚያ ጋ»። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ማግኘት አቃተኝ። ከየጥጉ የኅዳር ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ለዓይኔ ሰበብ ሆነልኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ድንገት እንዲህ አለችኝ፦

«ሞስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ። እማዬ ልታየኝ አትፈልግም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ሃያ ዓመት ቆይቼ መጥቼ የትኛዋ እናት ናት ጸበል የምትቀመጠው? ተቆጥታለች? ወይስ አፍራለች? ፍርጥ አድርገሽ ንገሪኝ።»

እዚያው ልነግራት ነበር። እውነት። አፌን ከፍቻለሁ። ሰው በመንገዱ ያልፋል፣ አንድ ሰውዬ አጠገባችን ጫማውን ያስጠርጋል። እዚህ ወንበር ላይ? ብቻችንን? ብትወድቅብኝስ? «ነገ ሁሉንም ታውቂያለሽ፣ የእናትሽ ፍቅር ግን አይጠረጠርም» አልኳት። እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣች። አላመነችኝም። እናቷ የጠላቻት መስሏት ነው ዛሬ የምትተኛው፣ እና ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለጋሽ ታደሰ ስደውል «አንድ ሌሊት ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የማረፊያው በር ላይ ነበርን። አምስት ሰው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ዘበኛው አላስገባም አለ።

«እንግዳ መጠየቅ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። መታወቂያ ይዛችኋል?»

ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን ሰብስበው «ልጄ፣ መርዶ ነው የያዝነው» አሉት። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። ግን መዝገቡን አልተወውም፤ በየተራ ስማችንን ጻፈ። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም። ደረጃውን እስክንወጣ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ነበር።

በሩን ከፈተች። ፀጉሯ ተንጨባርሯል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ስታይ ፊቷ በራ! እናቷ ሰው የላከችላት መሰላት። ስልኳን ልታመጣ ሮጠች፣ ፎቶ ልታነሳን።

ጋሽ ታደሰ «ልጄ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ሆኖ…» ብለው ጀመሩ፣ ብዙ ተናገሩ፣ የእናቷን ደግነት፣ የሰውን ልጅ ኗሪ አለመሆን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስረጃት።»

ለመሸሽ የሚሆን ቃል እንግሊዝኛ ሞልቶታል። አለፈች፣ ተለየችን፣ አሁን የተሻለ ቦታ ናት። ሁሉንም አስተምሬያለሁ። አንዱም አልመጣልኝም።

«እናትሽ ሞታለች» አልኳት።

«ዛሬ?»

«ሐምሌ ሃያ ሦስት።»

እነ ሰናይት ጩኸታቸውን ለቀቁት። ወይዘሮ አስካለ ደረቷን ትመታለች። ሜሮን አላለቀሰችም። ከግድግዳው ተጣብቃ እኔን ብቻ ታየኛለች። ሐምሌ በእነሱ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች።

«ልደቴ ከዚያ በኋላ ነው። እንኳን ተወለድሽልኝ ብላኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

«ተነሱ ውጡልኝ» አለች። በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ሁሉም ገባቸው። ጋሽ ታደሰ «ብቻዋን አትተውም!» ብለው እምቢ አሉ። የሚይዟት ሰዎች ይዘን መጥተን፣ ልትያዝ አልፈለገችም። ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅን። በሩ አልተከፈተም። ዘበኛው ውሃ አመጣልን። ጋሽ ታደሰ ሲወርዱ ግድግዳውን ይዘው ነው። «በደልናት መሰለኝ» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሴ መልስ አራት ሰዓት ገደማ ላንቻ የተከራየሁት ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የሰጠኋትን አድራሻ ለታክሲው እያሳየች መጥታለች። ሰላም አላለችኝም። ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አወጣች።

«የትኞቹ የእሷ ናቸው፣ የትኞቹ ያንቺ?»

የሁለት ዓመቱን መልእክት ከላይ ጀምረን አነበብን። እሷ ጣቷን ታስቀምጣለች፣ እኔ እመልሳለሁ። የእሷ። የእሷ። የእሷ፣ እንዲያውም ሁለቴ ሳቀችበት። ዶፉ የእሷ ነው። ላሟ ላይ ስንደርስ ደም ግፊቱን ነገርኳት። አልሳቀችም፣ ግን ድጋሚ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚያ ሐምሌ አለፈ። የእኔ። የእኔ። የእኔ። አንዱን በጣም ወድዳው ለጓደኞቿ ሁሉ እንደነገረች ታስታውሳለች። የእኔ ነው አልኳት። አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። እያየሁ።

ለምን እንዳደረግኩት ላስረዳት ሞከርኩ። እዚህ ሰውን ብቻውን ሐዘን አናረዳም፣ እንዲህ ነው የምንወደው አልኳት። «ብቻዬን ነበርኩ እኮ» አለች። «አራት ወር እሷ ሞታ እኔ ሳላውቅ። ከዚያ በላይ ብቻነት አለ?»

ከዚያ እናቷ መጨረሻ ላይ ስለ እሷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ።

ስንቱን ማለት እችል ነበር። ስምሽን ጠራች፣ ልጄን አደራ አለች፣ ፎቶሽን ደረቷ ላይ ያዘች። አራት ወር በአፏ ስናገር የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ይኼ አይከብደኝም። ዓይኗ ደግሞ እንደዚያ ያለ ነገር ይለምናል።

«ምንም አላለችም» አልኳት። «ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ አንድም ጊዜ አልነቃችም። እኔም ስሟን ስጠራት አልሰማችኝም።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ የላትም ስታለቅስ፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልያዛት ወይስ ልተዋት አላወቅኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አልነካኋትም። ጎረቤት ልብስ ታጥባለች፣ ሬዲዮ ይሰማል።

ይቅር አላለችኝም። ስትወጣ መቃብሩ ነገ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ። «ጠዋት አንድ ሰዓት» አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም። ከደወለች ብዬ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።