ስለ ባለቤቴ ድምፅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ሚስተር ካርልተን ሃርግሮቭ
የሐይቅ ዳር የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ፕሬዚዳንት
ማርሎ፣ ሚሲሲፒ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በባለቤቴ ቀብር ዕለት ይዞዎት የነበረው ጉንፋን ለቆዎት፣ እርስዎም ክብርት ባለቤትዎም በሙሉ ጤንነት ላይ ሳላችሁ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። የክሊኒኩ ሐኪም ምን እንደሚሰማኝ ቢጠይቀኝ «ምንም» ብዬ መለስኩለት፤ እሱም ደም ግፊቴን ለክቶ ደህና መሆኔን ነገረኝ። ስለዚህ ተቆጥቼ የምጽፍልዎ እንዳይመስልዎ። ቁጣው ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ስላልመጣ፣ እሱን ትቼ ምስጋናዬን ለማድረስ ተነሣሁ።

ይህ ማንም ሰው የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለማያውቁን ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ኤልበርት ፕሩይት እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ኦዴሳ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አብስላ የማርሎ ከተማን ልጆች በሙሉ፣ አንዳንዶቹንም ከነአባቶቻቸው ያበላች፣ ከተማው ሁሉ ሚስ ኦዴሳ ብሎ የሚጠራት ሴት ነበረች። የእርስዎ ፈንድ ባንክ ፊት ለማይሰጠው ሰፈር የሚያበድር፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በመሆኑ፣ ከዘጠኙ የቦርድ ወንበሮች አንዱ የነዋሪው እንዲሆን ደንቡ ያዛል። በዚያ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠችው እርሷ ነበረች። ያረፈችው የዛሬ ሁለት ዓመት በመስከረም ነው።

አንደኛ፣ በቀብሯ ላይ ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ። በማውንት ኦሊቭ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆመው «የሚስ ኦዴሳ ድምፅ አይሞትም፤ በቦርዳችን ውስጥ ለዘላለም ይኖራል» ሲሉ ሴቶቹ «አሜን» እያሉ አለቀሱ። እኔም እኛን ለማጽናናት የተናገሩት መስሎኝ ነበር። የሥራ ዕቅድ እያነበቡልን እንደነበር የገባኝ ዘንድሮ ነው። ከዚያም እህቷ ከጠበሰችው ዓሣ ሁለት ሳህን በልተው ሄዱ፤ እንኳን ጣመዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ጥንቃቄ። ከቀብሩ በኋላ በወሩ ስሟን ከቦርዱ መዝገብ ላሰርዝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በኮሪደሩ ላይ ፎቶግራፏ በር በሚያህል መጠን ተሰቅሎ ከሥሩ «የማኅበረሰቡ ድምፅ» የሚል ተጽፎበታል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እጄን ይዛ «ውይ ሚስተር ኤልበርት፣ እኔ እኮ የሷን መኮሮኒ በልቼ ነው ያደግኩት! ግን ምን ላድርግ፣ የመልቀቂያውን ቅጽ ራሷ ካልፈረመች ሲስተሙ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አልተከራከርኳትም፤ በዚያን ሰሞን ሰው ያለኝን ሁሉ እሺ እል ነበር።

ሦስተኛው ምስጋና ለደንባችሁ አንቀጽ አሥራ አራት ነው። በስብሰባ ላይ ላልተገኘ የቦርድ አባል ጉዳዩ በፖስታ ይላክለታል፤ በአሥር ቀን ውስጥ መቃወሚያውን ካልጻፈ እንደተስማማ ይቆጠራል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በዚህ አንቀጽ አንድም ቀን አልተጠቀመችም። ስለ ስትራቴጂ አንድ ሰዓት ሙሉ ካብራሩ በኋላ «ልጄ፣ እስቲ ከረባትህን ላላ አርግና እንደ ሰው አውራን፤ ለሰፈሩ ታበድራላችሁ ወይስ አታበድሩም?» ብላ የጠየቀችዎትን ቀን ያስታውሱት ይሆናል። ያን ዕለት ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «ኤልበርት፣ ዛሬ ሰውዬውን ላብ በላብ አደረግኩት!» ብላ ስትስቅ ጎረቤት ሰምቷታል። በስብሰባችሁ ላይ የሚቀርበውን ብስኩት እንኳ ደርቋል ብላ ተቃውማለች። ከሞተች በኋላ ግን ጠባይዋ እጅግ ተሻሽሎ በአሥራ ሰባት ጉዳዮች ላይ ከእርስዎ ጋር መስማማቷን ከቃለ ጉባኤያችሁ ተረድቻለሁ።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ የላቨርን ቲብስ ሱቅ ነው። በማርሎ ጎመንና ሥጋ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ። ማቀዝቀዣዎቹ ሲሞቱባት ላቨርን ለፈንዱ አመለከተች፤ ቦርዱም አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ማመልከቻዋን ውድቅ አደረገው፤ ሱቁም ባለፈው መጋቢት ተዘጋ። አሁን እኛ ሽማግሌዎቹ በየሐሙሱ በቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ አንድ ሰዓት ሄደን አንድ ሰዓት እንመለሳለን። መሄድ ያልቻለው ከነዳጅ ማደያው ቺፕስ እየገዛ፣ ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ እየተኛ ይውላል። ላቨርን ቃለ ጉባኤውን ስትጠይቅ ስትጠይቅ ቆይታ ስታገኘው በረንዳዬ ላይ አምጥታ ዘረጋችልኝ። ሱቁ እንዲዘጋ የወሰኑት አምስት ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፤ የመጨረሻው «ኦዴሳ ፕሩይት፣ በዝምታ» ይላል። ላቨርን ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ «ሚስተር ኤልበርት፣ ሚስ ኦዴሳን ምን በድያት ነው?» አለችኝ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

አራተኛው እርስዎን እምብዛም አይመለከትም፤ ሆኖም ሳልጽፈው ብቀር ደብዳቤው ግልጽ አይባልም። ፖስታዎቹ ሁሉ ወደ ቤቴ ይመጡ ነበር። በሕይወት ሳለች የእርሷን ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ አስቀምጥላት ነበር፤ ከሞተችም በኋላ እንደዚያው አደረግኩ። በስሟ የመጣ ነገር መክፈት አልሆነልኝም፤ ስሟን አሁንም የሚጽፍላት ሰው በመኖሩም ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ላቨርን ከሄደች በኋላ ክምሩን አውርጄ የሱቁን ጉዳይ የያዘውን ፖስታ አገኘሁት። አሥሩ ቀን ሲቆጠር እኔ ከሥሩ ቆሜ ወተት ሳወጣ ሳስገባ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ያ ዝምታ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም። ይህን ያወቅሁ ለታ አለቅሳለሁ ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽ ተቀምጬ እንባ አልመጣልኝም። አፍሬአለሁ ግን። ከሁለት ዓመት ወዲህ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ስለዚህም ቢሆን ፈንዱን አመሰግናለሁ።

በተረፈ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት የቦርድ አባላትና ለመላው ባልደረቦችዎ ረጅም ዕድሜና ከዕድሜም በኋላ የማይቋረጥ አገልግሎት እየተመኘሁ፣ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልጻፉልኝ ከላይ በተጻፈው ሁሉ እንደተስማሙ የምቆጥር መሆኔን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
ኤልበርት ፕሩይት
የነዋሪዎች ተወካይ ባል

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በስሟ ሌላ ፖስታ መጣ፤ ይህኛውን ከፈትኩት። የእርስዎ የፕሬዚዳንትነት ዘመን ለአምስት ዓመት እንዲራዘም ድምፅዋን ይጠይቃል። ላቨርን ከቦርድ አባላቱ እንደሰማችው የቀሩት ስምንቱ አራት ለአራት ተከፍለዋል። በእርሷ ስም «አልስማማም» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ በሞተ ሰው ስም ድምፅ መስጠት የእናንተ ሥራ ነውና አልሻማችሁም ብዬ ተውኩት። በምትኩ የካውንቲው ማኅተም ያረፈበትን የሞት ምስክር ወረቀቷን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ መቃወሚያዋ ብላችሁ መዝግቡልኝ።