ቅዳሜ የማይዘጋው ትምህርት፦ የመምህር ሲራክ አባይነህ የሕይወት ታሪክ (1956–2018 ዓ.ም.)

መምህር ሲራክ አባይነህ ከአባታቸው ከአቶ አባይነህ ቸኮል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውብነሽ ደስታ በጎጃም ቢቸና ከተማ መጋቢት 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ አክስታቸው ቤት ሆነው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት አባታችን ስላረፉ፣ ማትሪክ አልፈው ሳለ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ትተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ታናናሾቻቸውንም አስተማሩ። ይህን የምጽፈው እኔ እህታቸው ትሩፋት ካስተማሯቸው አንዷ ነኝ።

እሳቸው የተማሩት በኤክስቴንሽን ነው። የፋብሪካው ፈረቃ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ትምህርት እያመለጣቸው፣ ዲግሪያቸውን በዘጠኝ ዓመት በ1987 ዓ.ም. ያዙ። በ1989 ዓ.ም. ከወ/ሮ አማከለች ይመር ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቤተልሄምንና ያኤልን ወለዱ፤ ለቡ መብራት ኃይልም ቤት ሠርተው ኖሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን እንዳገኙ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

በ2003 ዓ.ም. ለፋብሪካ ሠራተኞች የስድስት ወር የጥራት ቁጥጥር ሰርተፍኬት ፕሮግራም አስጀመሩ። ትምህርቱን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ስላደረጉት የጠዋት ፈረቃ የደረሰው ሁሉ ይቀር ነበር፤ ከአርባ ተመዝጋቢዎች የጨረሱት አሥራ አንድ ናቸው። በፈረቃ ተንገላተው የተማሩ ሰው ይህን መርሳታቸው ሁልጊዜ ያሳፍራቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ ትምህርት ከሰዓት እንዲደገም አደረጉ፣ ክፍሉም ሞላ።

ችግሩ፣ ሁሉንም ኮርስ የሚያስተምሩት ብቻቸውን ነበር። ወንድማችን ሥራቸውን ለሰው መስጠት አይሆንላቸውም፤ የቤታቸውን ቧንቧ እንኳ ሌላ ሰው አያስነኩም ነበር። በ2010 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ታዲያ ፕሮግራሙ አንድ ዓመት ሙሉ ተዘጋ። ድነው ሲመለሱ በየኮርሱ ከጎናቸው አንድ የቀድሞ ተመራቂ አስቀመጡ፤ አንዱን ዙር አብሯቸው አይቶ ቀጣዩን ራሱ ያስተምራል። የፋብሪካ ሠራተኛ እንዴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያስተምራል ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። እሳቸው ግን “እኔ ስሞት የሚዘጋ ትምህርት ከሆነ ከአሁኑ ይቅር” ብለው ጸኑ። በዚህ መንገድ ከተመራቂዎቹ መጀመሪያ ለማስተማር የበቁት የፉሪው አቶ ቦና ዛሬ ፕሮግራሙን ያስተባብራሉ።

ሕመሙ ባለፈው ዓመት ተመልሶ ጸናባቸው። በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት እህቶቻቸውን በከባድ ሐዘን ትተው ሄደዋል። እኔ በሁለት እናት ያደግሁ ያህል ነበር፤ አንደኛዋ ወንድሜ ነበሩ።

ተኝተው ሳሉ ቀብራቸው ቅዳሜ ቢውል እንኳ ትምህርቱ እንዳይዘጋ አቶ ቦናን ቃል አስገብተዋቸው ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው ተቆጣን፤ መምህር ያለ ተማሪዎቹ ይቀበራል እንዴ አልን። ትናንት አቶ ቦና ለቅሶ ቤት መጥተው ከቃላቸው እንድንፈታቸው እያለቀሱ ለመኑን። ወ/ሮ አማከለች ግን “ልባችሁ እዚህ ይሁን፣ እናንተ ግን አስተምሩ” ብለው መለሷቸው።

ስለዚህ እዚህ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ወዳጆች፣ ተማሪዎቻቸው የት ቀሩ ብላችሁ አትቀየሟቸው። የሰውን ልፋት የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፣ ለእኛም ያለ እሳቸው የምንኖርበትን ብርታት ይስጠን። ተማሪዎቻቸው በዚህ ሰዓት ክፍል ናቸው።