ሳልቀምስ የምሠራው ጎመን

ውድ ኣስካል፣

ሕክምናው እንዴት እያደረገሽ ነው? እኔስ ደክሞኛል። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ስትደውዪ ግን ልጅሽ «ኣደይ ናት?» እያለች ከጎኔ አትጠፋም፣ እኔም ሸፋፍኜ አልፈዋለሁ። ወንድምሽ ሃይላይ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር ደብዳቤውን በእጁ ልኬዋለሁ።

ሉላን አደራ ብለሽኝ ከሄድሽ አራት ወር ሆነ። በአስራ አንድ ዓመት ጉርብትናችን በስጋ ተጣልተን አናውቅም፤ የክርስቲያኑን እናንተ፣ የእስላሙን እኛ፣ አብረን ስንቀርብ ሽሮና ጎመን። «ጎመን በጤና» እያልሽ ትስቂ ነበር። እኔም ልጅሽን በዚያው ያዝኳት። ባለፈው ወር ግን ትምህርት ቤት ራሷን ስታ ወደቀች። ነርሷ «ደሟ አንሷል፣ ስጋ ትብላ» አለችኝ።

የዚያን ቀን ገበያ ቆሜ ልብስ ስሸጥ ውዬ እግሬ አብጦ ነበር። የእናንተ ስጋ ቤት ሮማናት አደባባይ ድረስ ያስኬዳል፤ የኛው ደጃፌ ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ አስፈጨሁ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ስጋውን ጨምሬ፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከትፌ ከደንኩት። ባንድ ድስት አለቀ፤ ሁለት የምጥድበት አቅም መች ነበረኝና! ሉላ ልትጎርስ ስትል ቆም አለች።

«እትየ ነዒማ፣ የኛ ስጋ ነው?»

«የእናንተ ነው» አልኳት። ወላሂ፣ ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጥርግ አድርጋ በላች።

በማግስቱ አፍሬ ሮማናት ሄድኩ። ባለ መስቀሉ ስጋ ቤት ስገባ ሻጩ ሻሼን አየና «ሓፍተይ፣ ተሳሳትሽ እንዴ?» አለኝ። «የተሳሳትኩትስ ትናንት ነው፤ ዛሬ የአደራ ልጅ ልካኝ ነው» አልኩት። አዲስ ድስትም ገዛሁላት። ከዚያ ወዲህ ሳልቀምስ ነው የምሠራው፤ አንድ ቀን ጨው ይበዛል፣ አንድ ቀን ጭራሽ ይረሳል። አንድም ቀን አላማረረችም። ፊቷም መለስ ማለት ጀምሮ ነበር።

ውሸቴ ግን ከበደኝ። ባለፈው ሳምንት እራት አቅርቤ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣችም። እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

«ኣደይ እስካሁን ያልዳነችው እኔ ያንን በልቼ ነው?» አለችኝ።

ኣስካል፣ አይደለም ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳት። አንዴ የዋሸን ሰው ግን ማን ያምናል? ከዚያ ወዲህ ከእናንተው ስጋ ቤት ያመጣሁትንም በአፏ አታዞርም። እንጀራ በበርበሬ ነክሳ ትተኛለች። ትናንት ደረጃውን ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው።

ቄስ ማየት አለባት ካልሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እኔው አደርሳታለሁ። እኔን መቆጣትም ይገባሻል፤ ስትመጪ አንገቴን ደፍቼ እሰማሻለሁ። አሁን ግን ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውዪ። እኔን ሰላም አትበዪኝ፣ ሉላን አገናኚኝ በዪኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ያልዳንኩት በአንቺ አይደለም፤ ስጋውን ብዪ» በያት። እኔ ያልኩትን አትሰማም፣ የምታምነው አንቺን ብቻ ነው።

ስልኩን ይዤ የምጠብቅሽ፣
ነዒማ