ከውጭ በምን ይከፈታል?

ጥቅምት 12
ጦር ኃይሎች ታክሲ አጣሁ። በእግሬ ሄድኩ። ጋሽ ደግፌ ብረት ቤት ስደርስ አዲሱ የበር መቀርቀሪያ ተበይዶ ጠበቀኝ። ሥዕሉ የኔ፣ ብረቱ የእሳቸው... ስድስት ወር ለፋንበት። ከውስጥ ሲዘጋ ሦስት ዘንግ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም።
በያጁ ሀምዱ በትልቁ መዶሻ ሞከረው። ቆጠርኩ። የተከፈተው በአርባ አንደኛው ምት ነው! ሀምዱ ከነመዶሻው ጨፈረ።
"ናዝሪዬ፣ የኮልፌ ሌባ በሙሉ ይርገምሽ!" አሉኝ ጋሽ ደግፌ።

ጥቅምት 20
የመጀመሪያውን ለጋሽ ደግፌ ልጅ ለፋሲካ ገጠምን። ሐሳቡ የኔ ነበር። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ባሏ በሩን እየደበደበ ሳቀ። "ቤቴ ባንክ ሆነ በሉኛ!"
ፋሲካ ግን "ከውጭ በምን ይከፈታል?" አለችኝ።
"አይከፈትም። ዓላማውም እሱ ነው።"
ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። የሆነ ነገር ልትል ነበር? ባሏ ተጣራ፣ ተመለሰች።

ኅዳር 7
እስካሁን አራት ቤት ገጥመናል። ጥሩ ነው።

ኅዳር 14
በቅደም ተከተል ልጻፍ።
ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ብረት ቤቱ ውስጥ ሳለን፣ የፋሲካ ጎረቤት ሸዋገነት ደወለች። "ጋሽ ደግፌ ይድረሱ፣ ሊገድላት ነው!" ሦስታችንም ሮጥን። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ይዘን ነበር፤ ሕንፃው መብራት ጠፍቶበታል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።
ጋሽ ደግፌ ራሳቸው መዶሻውን አነሱ። ቆጠርኩ... ለምን ቆጠርኩ? በአምስተኛው ምት "አባዬ!" ስትል ሰማን። በአሥራ ሁለተኛው አንድ ደረቅ ድምፅ፣ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። የእሳቸው መዳፍ ተልጦ እጀታው በደም ሲያዳልጥ ሀምዱ ተቀበላቸው። በሃያ ስድስተኛው መጮኋን አቆመች።
ጋሽ ደግፌ አንገትጌዬን ያዙኝ። "የሣልሽው አንቺ አይደለሽ? የቱ ጋ ነው የሚደክመው? ንገሪኝ!"
የቱም ጋ አይደክምም። እንዳይደክም ነው የሣልኩት።
በአርባ ሦስተኛው ተከፈተ። ከሙከራው በሁለት በለጠ። እንዴት ጥሩ አድርገን ሠራነው...
ባሏ ዘነዘና ይዞ ቆሟል። ሀምዱ ከግድግዳ አላትሞ ጣለው። ፋሲካ ወለሉ ላይ ናት። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ግንባሯ ተፈንክቷል። ትተነፍሳለች።

ኅዳር 16
ሆስፒታል። ባሏ ታስሯል። ፋሲካ ዛሬ ተናገረች።
"መጀመሪያ ይቀረቅራል። ከዚያ ነው የሚጀምረው። አሮጌው በር እያለ ሸዋገነት ገፍታ ትገባልኝ ነበር።"
ደረጃው ላይ ልትለኝ የነበረው ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 9
ከውጭም መክፈቻ ይኑረው ብዬ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ጋሽ ደግፌ፣ "ሌባም ያውቀዋል።" እኔ፣ "ይወቀው።"
ሦስቱን ዘንግ የሚይዝ አንድ ቀጭን ፒን ጨመርን። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ከውጭ ሲመታው ይሰበራል፣ ሦስቱም ዘንግ ይለቃል። የቤቱ እመቤት ለምታምነው ጎረቤት ትነግራለች። የገጠምናቸውን መቀርቀሪያዎች በሙሉ ነገ እንቀይራለን።
ዛሬ ሙከራ ነበር። ሀምዱ ትልቁን መዶሻ ሲያነሳ ፋሲካ "ቆይ፣ እኔ" አለች። ቀኝ እጇ ገና ጀሶ ውስጥ ነው። በግራዋ ትንሿን መዶሻ ይዛ ያሳየኋት ቦታ ላይ መታች።
በአንድ ተከፈተ።
ማንም አልጨፈረም።
"እስቲ ድገሚው፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ደግፌ።
አዲስ ፒን አስገባሁላት።