ቤት አንድ እና ቤት ሁለት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አንተው ሠርተህ ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጥከው የጌም ዕቃ ሥር፣ ያወረዱት ሰዎች አስተያየት በሚሰጡበት ቦታ ላይ ነው። ስልክህን አታነሳም። ቁጥር ቀይረህ እንደሆነም የነገረኝ የለም። እዚህ ግን ማን ምን እንዳለ ሳታይ እንደማትውል አውቃለሁ፤ ሙገሳ ነፍስህ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ አምስት ኮከብ ሰጥቼሃለሁ። ሌላው ሕዝብ አብሮህ ቢያነብም ያንብብ፤ የቤታችንን ጓዳ እንደሆነ ቀድመህ ያሳየኸው አንተ ነህ።

ከቤት ከሄድክ በኋላ አብረን የጀመርነውን የኮምፒውተር ጌም ብቻዬን ቀጠልኩ። ታሪኩ ያው ነው፤ አንድ ሰው አሮጌ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት መውጫ ይፈልጋል። ቤቱን ራሴ ልሥራው ብዬ ጀምሬ አንድ በር ስሠራ ሳምንቱ አለቀ፤ በሩም ከበር ይልቅ ብስኩት ይመስል ነበር። ያኔ ትምህርትህ ትዝ አለኝ። "ሁሉን ራሴ እሠራለሁ የሚል ጌም ሠሪ ጢሙ ሸብቶ አንድ ወንበር ይጨርሳል። ሰው የሠራውን ውሰጂ። ግን ከመውሰድሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ማን ሠራው? ምን ፈቅዶ ሰጠ? ሠሪው ነገ ቢጠፋ ዕቃው ብቻውን ይቆማል?" ይህን ስትል እንደ ሽማግሌ ጣትህን ታወዛውዝ ነበር። በሦስት ዓመት ብቻ እየበለጥከኝ!

እንደተባልኩት አደረግኩ። ደስ የሚል የኮቴ ድምፅ አገኘሁ፤ ፈቃዱ "ለሽያጭ ሥራ አይውልም" ይላል፤ ተውኩት። ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም አገኘሁ፤ ሠሪው የገባበት አይታወቅም፣ የወሰዱት ሰዎች ከሥሩ "ኸረ ተበላሸብን!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ተውኩት። በመጨረሻ "አሮጌ ቤት፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ከእውነተኛ ቤት በፎቶ የተቀዳ" የሚል ተገኘ። በነጻ ነው። ለማንኛውም ሥራ ተፈቅዷል። ሌላ ፕሮግራም ሳይፈልግ ብቻውን ይቆማል። ሠሪው ግን ስሙን አልጻፈም። ከሦስቱ ሁለቱን አልፏል ብዬ ወሰድኩት። ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ፋይል ነበር፤ ቤት አንድና ቤት ሁለት።

ቤት አንድን ከፍቼ የጌሜን ሰውዬ ሳሎን አቆምኩት። ደረጃውን ሳስወጣው እጄ ቀጥ አለ። የደረጃው መደገፊያ እንጨቶች ሁሉ ቡናማ ናቸው፤ ከላይ አንዱ ግን አረንጓዴ የመጥረጊያ እጀታ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ እኔ በኳስ የሰበርኩት፣ አንተ ደግሞ አባዬ ሳያይ በመጥረጊያ የተካኸው።

ከላፕቶፑ ቀና ብዬ እውነተኛውን አየሁት። እዚያው ነበር።

አንተ መሆንህን ያኔ በምን ልወቅ? የማላውቀው ሰው ቤታችን ገብቶ፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ፎቶ አንስቶ የሄደ መሰለኝ። ሰውዬዬን ወደ ኋላኛው ክፍል፣ ወደ ክፍሌ ነዳሁት። ቤት አንድ ላይ አልጋዬ ተነጥፎ ባዶ ነው። ቤት ሁለትን ከፈትኩ። አልጋው ላይ ብርድ ልብሴ አለ፤ ብርድ ልብሱ ሥር እንደ ቀለጠ ሻማ የተዝረከረከ ጉብታ አለ። ከአንዱ ጫፍ ካልሲ ያደረገ እግር ወጥቷል። በፎቶ ሲቀዳ ትንሽ የሚነቃነቅ ነገር ሁሉ እንዲህ እንደሚቀልጥ የነገርከኝ አንተ ነህ። ለምሳሌ የሚተነፍስ ነገር።

ካልሲው የኔ ነው።

እየጮህኩ ወረድኩ። አክስታችን ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

"አክስቴ፣ ሰው ቤታችን ገብቷል! ተኝቼ ፎቶ አንስቶኛል!"

"ማንም አልገባም።"

"በዓይኔ አየሁት እኮ!"

"ሌባ አይደለም እኮ!"

"ማን ነው ሌባ ያልሆነው?"

ሽንኩርቷን መላጧን ቀጠለች። አክስታችን ስትዋሽ ግራ ጆሮዋ እንደሚቀላ ታውቃለህ፤ ያን ቀን ቲማቲም ሆኗል። "ወንድምሽ ነው፤ እኔ ነኝ የከፈትኩለት" አለች በመጨረሻ። "አባትሽ ሥራ ሲውል፣ በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ መጣ። ካሜራውን ይዞ እንደ ድመት ሲያደባ ዋለ። ልቀስቅሳት ስለው፣ 'ትተኛ፣ ከተነሳች አፏ አያርፍም' አለኝ።"

እናመሰግናለን። ለምን እንደቀዳኸው ግን እሷም አታውቅም። "ቤቱ ናፍቆት ይሆናላ" አለች። እኔም ልቤ መለስ አለና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ናፍቆት ከሆነ ምን ክፋት አለው ብዬ።

ቤት ሁለትን ጌሙ ውስጥ ሳስገባ ግን ቤት አንድን ማጥፋት ረሳሁ። ሁለቱም ከፊት በሩ ደፍ ስለሚጀምሩ አንዱ በአንዱ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ሁለት ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ስክሪኑ የቱን እንደሚያሳይ ይጨንቀውና ይርገበገባል። ሳሎኑ ተርገበገበ። ወጥ ቤቱ ተርገበገበ። ደረጃው እስከ ወገቡ ተርገበገበና ከዚያ በላይ ዝም አለ። የክፍሌ የኋላ ግድግዳ ጭራሽ አልተርገበገበም። ሁለት ግድግዳ ጎን ለጎን ቆሟል፤ በመሃላቸው ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

መጀመሪያ "ይሄ ሰነፍ መለካት አይችልም" ብዬ ሰደብኩህ። ቀጥሎ የመጥረጊያ እጀታውን አየሁ። ቤት አንድ ላይ ደህና ነው፤ ቤት ሁለት ላይ ተሰንጥቋል። በዚያ ስንጥቅ የተከሰስኩት እኔ ነኝ! "በደረጃው ተንሸራተሽ ነው" ተብዬ ስንት ሳህን አጥቤበታለሁ። እኔ አልነካሁትም። የሰበረው ቤቱ ነው።

ቤቱ እየሄደ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ድምፁን አጥፍቶ፣ ወደ ኋላ፣ ከጓሯችን በታች ወዳለው ቁልቁለት። እኔ ደግሞ ከሚሄደው ግድግዳ ሥር ነው የምተኛው።

ጭቅጭቃችሁም ያኔ ገባኝ። አንተ "አባዬ፣ ይህ ቤት አያስተማምንም" ስትል፣ እሱ በዚያ የግንበኛ እጁ ጠረጴዛውን እየደበደበ "በዚህ እጄ የገነባሁትን አንተ በስልክ ልትለካልኝ? ኢንጂነሩ!" ሲል። ስትወጣም እንዲህ ብሎ ማለ፤ "ይሄ ልጅ በዚህ በር ከገባ፣ እኔ በዚሁ በር እወጣለሁ!" ትርኢት መስሎኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንተ ከሄድክ ወዲህ በሮቹ አልዘጋ ሲሉ "እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ነው" አለን። ጣሪያው ሲንቋቋ "ቤትም እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ያቃስታል" አለን። ክፍሌ ውስጥ ክር የመሰለ ስንጥቅ ሲታይ ቁም ሳጥን ገፍቶ አስጠጋበት፤ "ብርድ እንዳይመታሽ"። ትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ እንደሚጫወት ሕፃን ናቸው፤ ዓይናቸውን ከጨፈኑ የሚያያቸው ያለ አይመስላቸውም።

ለምን ሁለት ጊዜ እንደቀዳኸው ገባኝ። የሚሰማህ ስታጣ ለኔ እዚህ አስቀመጥከው፤ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቄ ይህንኑ እንደማነሳ አውቀህ። በቀጥታ ብትነግረኝ ግን ምን ነበረበት? አንተም እያረጀህ ነው።

አባዬ በንግግር እንደማይመለስ ስለማውቅ ጌም አጫወትኩት። "የጣት ስፖርት" እያለ ሲያላግጥብን የኖረ ሰውዬ ስክሪኑን ሲያይ መነጽሩን ፈለገ።

"ይሄ እኮ የኔ ቤት ነው! ማን ሠራው?"

"አንተ ነህ፣ ሌላ ማን?"

ደስ አለው። ቁልፎቹን በአንድ ጣት እየደቆሰ ሳሎኑን ዞረ፤ የራሱን ልስን ቆሞ አደነቀ። "ይሄን ደረጃ ተመልከቺ። እጅ ማለት ይሄ ነው። ምነው ይርገበገባል? ዓይኔ ነው?"

"የሚርገበገበው ደህናው ነው አባዬ። ዝም ያለውን ፍራ።"

"ተረት አታብዢ።"

ወጣ። እዚያው ስክሪኑ ላይ ክፍሌ ገባ። ሁለቱን ግድግዳ አየና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ በመሃላቸው ሊያልፍ ሞከረ። እዚያ ወለል የለም። ሰውዬው ወደቀ። ግራጫ ባዶ ውስጥ ቁልቁል ሄደ፤ ቤቱ ከበላዩ እያነሰ፣ እያነሰ ክብሪት አከለ።

"መልሺኝ" አለ አባዬ።

"መመለሻውን ገና አልሠራሁትም።"

አልሳቀም። ተነስቶ ፎቅ ወጣ። የቁም ሳጥኑ እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ ምንም። ተከትዬው ስገባ ክንዱ እስከ ክርኑ ግድግዳው ውስጥ ነበር። ከዚያ ማዶ ነፋስ ይገባል፤ የሸሚዙን እጅጌ ያውለበልበዋል።

ሲወርድ ፊቴን ሳያይ "ለዚያ ልጅ ጻፊለት" አለኝ። "እኔ ግን አላልኩም።"

እኔና አክስታችን አሁን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ነን። አባዬ አልመጣም። ደጋፊ እንጨት ሰብስቦ ተመልሶ ገብቷል፤ "የሠራሁት ቤት እኔ ላይ አይወድቅም" ይላል። አክስታችን ለመነችው። ልብስ ሰፊዋ ለመነችው። እኔ ቀልዴን ትቼ እግሩ ላይ ወደቅኩ። "ይቺን ብቻ ልደግፍና እመጣለሁ" እያለ ይኸው ከትናንት ጀምሮ "ይቺ" አላለቀችም። ከዚህ መስኮት መዶሻው ይሰማኛል። ከቁልቁለቱ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። መዶሻው ሲያቆም እኔም መጻፍ አቆማለሁ።

አቁሞ ነበር። አሁን ጀመረ።

ሦስተኛውን ጥያቄህን ገልብጬ እያሰብኩ ነው። ዕቃው ነገ ቢጠፋ፣ ሠሪው ብቻውን ይቆማል? አይቆምም። ግን እኔና አንተ አለንለት፤ ከወጣ።

አባዬ ልመና አይሰማም፤ መሐላውን ግን አጥፎ አያውቅም። ስለዚህ ና። ካሜራህን ተወው፤ ቤት ሦስት የሚባል ፋይል ማየት አልፈልግም። ወደ ውስጥም እንዳትዘልቅ። የፊት በሩ ደፍ አልተነቃነቀም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አሁንም ይርገበገባል። አንድ እግርህን ብቻ እዚያ አሳርፍና "አባዬ፣ ገብቻለሁ!" ብለህ ጩህ።

ይሳደባል። ምናልባት ይረግምህም ይሆናል። ግን ይወጣል።

አፏ የማያርፈው እህትህ